ዘጠኝ ቱታ

ኅዳር 4 ቀን

ለእናት እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ባልሽ ጋሼስ? ልጅሽ ሚጢስ? ይህ ወረቀት በጤናችሁ ላይ ይድረስ። እኔን ከጠየቃችሁ ጉንፋኑም ሥራውም ትምህርቱም አንድ ላይ ይዘውኛል፣ ግን አልወደቅኩም።

የምማረው ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኝ ሦስቴም አድበስብሼ አልፌሻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ገና አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል። የአደጋ ስጋት ትንተና ይባላል። በጭስ፣ በውሃ፣ በመድኃኒት፣ በማሽን ሰው ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ገና ሳይደርስ ቁጭ ብሎ ማስላት ነው። ለእያንዳንዱ ነገር ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን። ስንት ጊዜ ሊደርስ ይችላል? ከደረሰስ ምን ያህል ይጎዳል? ለሁለቱም ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር እንሰጥና እናባዛቸዋለን። ሃያ ወይም ሃያ አምስት የመጣበት ሥራ ዛሬውኑ ይቁም ይባላል። አራት ወይም አምስት የመጣበት ይቀጥል ይባላል። ለዚህ ነው ወይ ባሕር የተሻገርከው ብለሽ ትስቂብኝ ይሆናል፤ ሳቂ።

ለመመረቂያ አንዳንድ የሥራ ቦታ መርጠን እንድንመረምር ታዘናል። አንዱ የግድብ በር መረጠ፣ አንዷ የሆስፒታል የራጅ ክፍል። እኔ ጋሼ የሚሠራበትን የባትሪ ማቅለጫ መረጥኩ። እዚህ ያሉት ልጆች አሮጌ የመኪና ባትሪ በመጥረቢያ ተሰብሮ ውስጡ ያለው እርሳስ በምድጃ ሲቀልጥ አይተው አያውቁም። ስነግራቸው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እንዲህ ያለ ቦታ የማውቅ እኔ ብቻ በመሆኔ ትንሽ ጉራ ቢጤም ሳይሰማኝ አልቀረም።

ሃያ ጥያቄ ያለው ቅጽ አብሬ ልኬያለሁ። ጋሼ ይሙላልኝ። የሚጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፣ ከመምህሬ በቀር የሚያየው የለም። በሞቴ እትዬ፣ አታዘግዪብኝ።

ሚጢን ጉንጯን ሳሚልኝ።

ታናሽሽ

ታኅሣሥ 19 ቀን

ለወንድሜ፣ ለሊቁ፣

በሄድክበት ሁሉ ጥላ ከለላ ይሁንህ፣ ከጉንፋንም ከክፉ ሰውም ይሰውርህ። እኛ አለን። የሚጢ አባትም ደህና ነው፣ ያው ወገቡ ነው እንጂ።

አታዘግዪብኝ ብለህ ወር ተኩል አቆየሁህ። አትቆጣ። እዚህ ያለው ሥራ አንተ እስክትመረቅ ቆሞ አይጠብቅም።

ቅጹ ተሞልቷል። አባቷ ጽሕፈት ላይ እጁ ይከብደዋል፣ ታውቀዋለህ። እሱ እየነገረኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጌቶች ወሬውን ሰምቶ ቢሮው ድረስ ጠራንና እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሞላነው። ጌቶች የምልህ የማቅለጫውን ባለቤት ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ እንደዚያ ይለዋል፣ እሱም አሁን አሁን እናቱ ያወጣችለት ስም መስሎታል። ሻይ አስቀዳልን። ደግ ሆኖ ዋለ።

ጭሱ ስንት ጊዜ ወደ ሠራተኛው ፊት ይመጣል ላልከው፣ አንድ። አሲዱ እጅ ላይ ይፈሳል ወይ ላልከው፣ አንድ። ቢደርስስ ምን ያህል ይጎዳል በሚለው ላይ አንዳንዱን ሁለት፣ ጥቂቱን ሦስት አድርገናል፤ ሁሉም አንድ ሆኖ ሰው እንዳይስቅብን። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ለሠራተኛው አንዳንድ ብርጭቆ ወተት ይታደላል። እርሳሱን ከሆድ ያጥባል ነው የሚባለው። ጌቶች ጻፊው ስላለኝ ቅጹ ጥግ ላይ ጽፌዋለሁ።

ሚጢ ሆዷን ቆረጥ ቆረጥ ያደርጋታል። እህል አትወድም። ያ ሁሉ ልፍለፋዋም ቀንሷል። አድጋ ቁም ነገረኛ ሆነች ይላል አባቷ። እኔ ግን ሌሊት እየተነሳሁ አያታለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። አፍና አፍንጫ ላይ የሚደረገውን፣ ያን ክብ ማጣሪያ ያለውን ጭንብል ብትችል ለዘጠኙም ሠራተኛ ላክልን። ለጌቶች አልነገርነውም።

እህትህ

ጥር 25 ቀን

እትዬ፣ የእኔ መመኪያ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ቤትሽ ይድመቅ! ከመቶ ዘጠና አንድ አመጣሁ! ከክፍሉ አንደኛ!

በሰጣችሁኝ ቁጥር መሠረት ከሃያው ጥያቄ አንዱም ከሦስት በላይ አልመጣም። «ዝቅተኛ ስጋት ያለበት የሥራ ቦታ» ብዬ ደመደምኩ። መምህሬ ነጭ ፀጉር ያላት፣ ሰው በቀላሉ የማታምን ሴትዮ ናት። «ቁጥሩን ማን ሰጠህ?» አለችኝ። «ዐሥራ አራት ዓመት ምድጃው ላይ የቆመ ሰው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ፈረመች። ማጠቃለያውን የትምህርት ቤቱ ማኅተም እንዳረፈበት ልኬላችኋለሁ። ጋሼ ይየው፣ ይኩራበት፤ የእሱም ሥራ ነው።

ወተቱ እርሳስ አያጥብም፣ ወሬ ነው። ሲጠጡት ደስ ካላቸው ግን ይጠጡት። ጭንብሉን ገና አልገዛሁም። ሪፖርቱ ዝቅተኛ ካለ ምን ይሠራላችኋል ብዬ ነው። ካልሽኝ ግን እልካለሁ።

ምረቃው ግንቦት ሃያ ስምንት ነው። ፎቶዬን በትልቁ አሳጥቤ እልክልሻለሁ፤ ከሶፋው በላይ ቦታ አዘጋጂ።

ወንድምሽ፣ የነገው ባለሙያ

መጋቢት 2 ቀን

ወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ ልል ነበር፣ ተውኩት።

ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ማርክህና ስለ ፎቶህ ስትጽፍ ስለ ሚጢ አንድ ቃል አላልክም። ሆዷን ያማታል ብዬ ጽፌልህ ነበር። ላስታውስህ ብዬ ነው።

ያን ወረቀትህን ጌቶች ከአባቷ እጅ ወሰደው። በመስታወት አስገብቶ የግቢው መግቢያ ላይ ሰቀለው። ያለፈው ሳምንት ከእኛ በታች ቦዩ ዳር ያሉት ሴቶች «የማቅለጫው ጭስ ልጆቻችንን ፈጀ» ብለው ለጤና ቢሮ አመልክተው ሁለት መርማሪ መጥቶ ነበር። ጌቶች ከበሩ አላሳለፋቸውም። ጣቱን ወደ መስታወቱ ቀስሮ «የውጭ አገር ምሁር መርምሮ ጨርሶታል» አላቸው። ማኅተሙን አዩ። ሻይ ጠጡ። ሄዱ። አንተን ነው ምሁር ያለው፣ ካልሲዬ ጠፋብኝ እያልክ እዬዬ ስትል ያሳደግኩህን!

በማግሥቱ ሚጢ የበላችውን ሁሉ አስመለሳትና ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ አባቷ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። ደሟን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከችው። ዛሬ ውጤቱ መጣ። ደሟ ውስጥ እርሳስ አለ። አምስት እንኳ ቢሆን ዝም አይባልም አለችኝ ነርሷ። የሚጢ አርባ አንድ ነው።

አርባ አንድ! ይህንን በምን ታባዛልኛለህ? በአንድ ነው በሁለት?

ቧንቧ ላይ ወረፋ ስይዝ ሴቶቹ ጀርባቸውን ያዞሩብኛል። «የእሷ ወንድም አይደል የፈረመው» ሲሉ እሰማለሁ። ልጄ ታማ ደግሞ ፊት ይነሱኛል። ያ ወረቀት ስህተት ነው ብለህ ጻፍ፣ በዚያው ማኅተም፣ በፍጥነት። ሌላ ምንም አልፈልግም። ጭንብልህንም አልፈልግም።

እህትህ

መጋቢት 16 ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤሽን መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ስለ ሚጢ አለቀስኩ፤ አብረውኝ የሚሠሩት ሰው ሞቶበት ነው ብለው ከበቡኝ። ለቅሶዬ ሲያልቅ ግን ንዴቱ መጣ።

ማን ነው አንድ ብሎ የጻፈው? እኔ ነኝ? የእጅ ጽሑፍሽ እኮ እዚህ ፊቴ ነው፣ ደርድረሽዋል፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ! እኔ የሰጣችሁኝን ነው ያባዛሁት። አምስት ብትሉኝ አምስት ብዬ እጽፍ ነበር። ዋሻችሁኝ፣ አሁን ደግሞ ዞራችሁ ጥፋቱን እኔ ላይ ትደፈድፋላችሁ። እኔ ነቢይ ነኝ?

ደግሞስ ልጅቷ ማቅለጫውን ረግጣው አታውቅም። ጭሱም ወደ እናንተ ቤት አይነፍስም፣ ወንዙን ተሻግሮ ነው የሚሄደው፤ እዚያ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ታዲያ እርሳሱ በየት ገባባት? ይህን ሳታውቂ የእኔ ወረቀት ነው ልጄን ያሳመማት ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው?

ሪፖርቴ ስህተት ነው ብዬ ብጽፍ ውጤቴ ይሰረዛል። ስድስት ዓመት ካርቶን ተሸክሜ ያመጣሁት ነገር ገደል ይገባል። ምረቃው ግንቦት ሃያ ስምንት ነው። እስከዚያ ታገሺኝ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን እጽፍልሻለሁ።

ሚጢን እግዜር ይማራት።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 8 ቀን

ወንድሜ፣

እውነት ብለሃል፣ አንድ አንድ ብዬ የደረደርኩት እኔ ነኝ። ጌቶች ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጦ የእስክሪብቶዬን ጫፍ ያይ ነበር። አባቷ «ጭሱ እንኳን መቼም...» ብሎ ሲጀምር ጌቶች ጉሮሮውን ጠረገ። አባቷ «አንድ» አለ። እኔም አንድ ጻፍኩ። ሃያውም እንደዚያው አለፈ። ምን እንድናደርግ ነበር የፈለግከው? ሰውን ስለ እንጀራው ስትጠይቀው አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ መጠየቅ ነበረብህ። ይህን ካላስተማሩህ ምን አስተማሩህ?

ደብዳቤህን ቀድጄ ልጥለው ስል ግን አንዲት መስመር እጄን ያዘችው። እርሳሱ በየት ገባባት ያልካት። እኔም ራሴን ጠየቅኩ። በየት ገባባት?

ደብተር ገዛሁ። ያንተን ሰንጠረዥ አሰመርኩ። አንተ ምን ሊደርስ ይችላል ብለህ ነው የምትጀምረው፤ እኔ ማን ታመመ ብዬ ጀመርኩ፣ ምክንያቱም እዚህ ነገሩ ደርሷል። ቤት ለቤት ዞርኩ። ፊት የነሱኝም ቤት ገባሁ። ጭሱ በሚነፍስበት፣ ከወንዙ ማዶ ዐሥራ አራት ቤት ጠየቅኩ። የሚያስለው ብዙ ነው፣ ሆዱን የሚያመው ልጅ ግን ሁለት ብቻ። በእኛ በኩል ቦዩ ዳር ዘጠኝ ቤት ጠየቅኩ። ሆዱን የሚያመው፣ የማይበላ፣ አፉን ከፈታ በኋላ ዝም ያለ፣ ሰባት ልጅ! ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። እንዲቀንስልኝ ነበር መልሼ የምቆጥረው።

ስለዚህ ጭሱ ብቻ አይደለም አልኩ። የቧንቧውን ውሃ ጠረጠርኩ። ግን ማዶዎቹም የሚቀዱት ከዚያው ነው። ታዲያ እነሱ ጋ የሌለ፣ እኛ ጋ ያለ ምንድን ነው? ቦዩ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ እዚያ ጭቃ ሲያቦኩ ነው የሚውሉት። ቦዩን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። የት አደረሰኝ መሰለህ? ከገዛ የልብስ ማጠቢያ ገንዳዬ ሥር።

የዘጠኙን ሠራተኛ ቱታ የማጥበው እኔ ነኝ። ረቡዕና ቅዳሜ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ። ስዘፈዝፈው የሚወጣውን ግራጫ ውሃ አንድ ቀን ምንድን ነው ብዬው አላውቅም። ቆሻሻ ነዋ! ቆሻሻ ሊወጣ አይደል የሚታጠበው! ሚጢ ደግሞ እኔ ሳጥብ ክምሩ ላይ ትተኛለች። እንዳይበርዳት ብዬ እዚያ የማስተኛት እኔው ነኝ። የእኔው እጅ። ይህን ስጽፍልህ እጄን ቆርጬ ብጥለው ደስታዬ ነው።

አንተስ? ሃያ ጥያቄ ጠይቀህ «የሠራተኛ ብዛት» አልክና ዘጠኝ ብለን ሞላንልህ። ቱታውን ማን ያጥባል ብለህ አልጠየቅክም! ሌላ ሰው ቢረሳው አይገርመኝም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቱታውን ገመድ ላይ የምትሰቅልልኝ አንተ አልነበርክም? ደብተርህ በምን ተገዛ? ባሕር ስትሻገር የያዝካት ሻንጣ በምን ተገዛች? ገንዳዬን እንዴት ትረሳለህ? ዓይንህ ሥር ያደገውን ነገር ለማየት የማን አገር ድረስ ነው የተላክከው?

ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ቧንቧ ላይ፣ ወረፋው መሀል ቆሜ፣ «ልጆቻችሁን ያሳመማቸው ከእኔ ገንዳ የሚወርደው ውሃ ነው» አልኳቸው። አንዷ ባልዲዋን ወረወረችብኝ። ትከሻዬን አገኘኝ። አልፈርድባትም፣ እኔም ብሆን እወረውር ነበር።

ደብተሩ ላይ «ከየት መጣ» በሚለው አምድ የገዛ ስሜን ጻፍኩበት። አሁን የቀረው ያንተ ስም ነው። ነርሷ የሚጢን ውጤት ለጤና ቢሮ ስላሳወቀች መርማሪዎቹ ሰኔ 1 ቀን ይመለሳሉ። ጌቶች ያንኑ መስታወት ነው የሚያሳያቸው። ከደብተሬ ሦስት ገጽ ገልብጬ ልኬልሃለሁ። እየው። ከዚያም ያልኩህን ጽፈህ ከሰኔ 1 በፊት አድርስልኝ። ምረቃ ምናምን አትበለኝ። ማጠቡን አቁሜያለሁ።

እህትህ

ሰኔ 3 ቀን

ወንድሜ ሆይ፣

ትናንትናም፣ ከትናንት ወዲያም ፖስታ ቤት ሄድኩ። ምንም የለም። ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ደግ አደረግክ። አሁን የሆነውን ስማ።

መርማሪዎቹ መጡ። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ጌቶች በሩ ላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ ጠበቃቸው። መስታወቱን አስወልውሎታል። እኔ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ገለጥ ገለጥ አደረገውና «ይህን የፈረመው ማነው?» አለ።

«እኔ።»

«አንቺ ማነሽ?»

«ልብስ አጣቢ።»

ሳቀ። ጌቶችም አብሮ ሳቀና ወደ መስታወቱ ጠቆመ፤ «ይኸው፣ የገዛ ወንድሟ የጻፈው» አለ። የሳቁብኝ እነሱ አይምሰሉህ። አንተ ነህ የሳቅክብኝ።

ቱግ አልኩ። ማጠቡን ካቆምኩ ወዲህ ሳይታጠብ የተከማቸውን ዘጠኙንም ቱታ በጆንያ ይዤ ሄጄ ነበር፣ ለጌቶች ላስረክብ። ጆንያውን ፈትቼ አንዱን አወጣሁና በሰውየው ነጭ ሸሚዝ ትይዩ አንድ ጊዜ አራገፍኩት። ያ ግራጫ ዱቄት ቡን ሲል ሰውየው አፍንጫውን ይዞ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ዝቅተኛ ስጋት ነው እኮ» አልኩት። «ምን ያሸሽዎታል? ይኸው፣ ይውሰዱት፣ ባለቤትዎ ይጠቡልዎት። ልጅ ካለዎትም ከላዩ ላይ ያስተኟት።»

ያኔ ያቺ አንድ ቃል ያልተነፈሰችው ሴት ጓንት አጠለቀች። ቱታውን ከእጄ ተቀብላ በፕላስቲክ አሰረችው። ከዚያ «ቦዩን አሳዪኝ» አለችኝ። ከገንዳዬ ሥር፣ ከመሀል፣ ልጆቹ ከሚጫወቱበትም ጭቃ ዘገነች። ደብተሬንም ላየው ብላ ወሰደችው።

አባቷን በዚያው ቀን ከሥራ አባረሩት። ቤት ተቀምጧል። «ምናለ ዝም ብትዪ» ይለኛል፤ ደግሞ ሚጢን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ከእሱ ጋር ስጣላ ነው የምውለው። ካንተ ጋር ለመጣላት ደግሞ ቴምብር መግዛት አለብኝ።

ተመረቅክ ወይ? እንኳን ደስ ያለህ።

ሰኔ 12 ቀን

እትዬ፣

ሰላምታ ለመጻፍ አፍ የለኝም።

የሚያዝያው ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል። ፖስታ ጠፋ ብዬ ብዋሽሽ ትቀበይኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ሦስቱን ገጽ አነበብኳቸው። አንብቤ ሳበቃ ፊቴ ጋለ። ባንቺ ተናድጄ መሰለኝ መጀመሪያ። አይደለም። ትክክል ነበርሽ። ክፍል ውስጥ ከሁላችን የተሻለ ነው የሠራሽው፤ እኔ ቅጽ ልኬ ማርክ ሳመጣ አንቺ የሰው ደጅ እያንኳኳሽ ቦይ ይዘሽ ወጣሽ። ከዚያ ደብዳቤሽን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እስከ ምረቃው አልኩ። አንድ ወር ምን ያመጣል አልኩ። ስለ ስጋት ስማር የኖርኩት ሰውዬ፣ አንድ ወር ለአንዲት የአራት ዓመት ልጅ ምን እንደሆነ አላሰላሁም። አስልቼ ነበር፣ እትዬ። ይህን ነው ልነግርሽ የፈለግኩት። አስልቼው መሳቢያውን ዘጋሁት።

ተመረቅኩ። ካባ ለበስኩ። ሰው ያጨበጭባል፣ እኔን ያልበኛል። በማግሥቱ ጠዋት መምህሬ ቢሮ ገብቼ ገጾችሽን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። እኔ እየተረጎምኩላት ሰማችኝ። ስትጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ይህ መቼ ደረሰህ?» ቀኑን ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አላየችኝም። ሪፖርቱ ተሰርዟል። ዲፕሎማዬን መልሻለሁ። አንድ ዓመት ልድገም ወይስ ልባረር የሚለውን ኮሚቴ ያየዋል። እንድታዝኚልኝ ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ፣ እንድታውቂው ነው።

የስረዛው ወረቀት እነሆ፣ በማኅተም። ስሜ ከታች አለ። ሰኔ 1 እንዳለፈ አውቃለሁ።

ሚጢ እንዴት ናት?

ወንድምሽ

ሐምሌ 6 ቀን

ለወንድሜ፣

ወረቀቱ ደረሰ። ለአባቷ አነበብኩለት። «ዘገየ» አለና ወጣ።

ከመድረሱ ሦስት ቀን በፊት ማቅለጫው ታሸገ። ያቺ መርማሪ የወሰደችው ጭቃም ቱታም በእርሳስ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። የሰባቱ ልጆች ደምም ተመረመረ። ከሁሉም የሚጢ ነው የሚበልጠው። ሴትየዋ ደብተሬን ስትመልስልኝ «ይህን የት ተማርሽው?» አለችኝ። ከወንድሜ ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «ከቦዩ» አልኳት።

ድል አደረግን ብለህ እንዳታስብ። ስምንቱ ሰዎች ሥራ የላቸውም። ከነሱ አራቱ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይተፋሉ። ጌቶች ከወንዙ ማዶ ሌላ ቦታ እያየ ነው ይባላል። ከሄደ እዚያም እሄዳለሁ፣ ደብተሬን ይዤ፣ ቱታውን የምታጥበውን ሴት ፈልጌ እነግራታለሁ። የቦዩን ጭቃ ሴቶቹ ከእኔ ጋር ሆነው እየቆፈሩ እያወጡት ነው፣ ከጤና ቢሮ ጓንትና ጭንብል ሰጥተውናል። ባልዲ የወረወረችብኝ አጠገቤ ናት የምትቆፍረው። አንነጋገርም፣ ግን አጠገቤ ናት።

ሚጢ ወደ ሃያ ዘጠኝ ወርዳለች። መብላት ጀምራለች። ቁጥሩ መውረዱን ይቀጥላል አለችኝ ነርሷ። የጠፋው ንግግሯስ ይመለሳል ወይ አልኳት። «ጥቂቱ ሊመለስ ይችላል፣ ሁሉንም ብዬ ቃል አልገባልሽም» አለች። አጉል ማጽናኛ ስላልሰጠችኝ አከበርኳት። ውጭ ወጥቼ ግን አጥሩን ይዤ አለቀስኩ። መሳቢያህ ውስጥ የተቀመጠው ወር ከዚህ ስንቱን እንደወሰደ አላውቅም። አንተም አታውቅም። ምናልባት ምንም አልወሰደም። ይህንን ሳናውቅ ነው ሁለታችንም የምንኖረው። እኔ ከገንዳዬ ጋር፣ አንተ ከመሳቢያህ ጋር።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልጽፍልህ ሁለት ጊዜ ጀመርኩ፣ ሁለቴም ሰረዝኩት። እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ስጽፍ ሚጢ መጥታ ጉልበቴ ላይ ተደገፈችና ለማን ነው ብላ በጣቷ ጠየቀችኝ። ለአጎትሽ አልኳት። ብዙ ቆየች። ከዚያ «ሰላም በይው» አለች። እሷ ያለችውን ጻፍኩልህ።

እህትህ